ለመቁረጥ ወይስ ለማየት?

"ዳኛው" የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቢሯችን የገባ ሰሞን ከዋናው ፕሮግራመራችን ጋር ስንጨቃጨቅ ወንበሩን ስቦ መካከላችን ተቀመጠ። ሁለታችንም እስኪደክመን አዳመጠንና፣ "እሺ፣ አሁን ደግሞ ደንበኛው የሚለውን እንስማ" አለን። ደንበኛው የሚባል ሰው እዚያ አልነበረም። "ታዲያ እሱ በሌለበት ምኑን ነው የምትፈርዱት?" ብሎን ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ንዴቴ ሳይበርድልኝ ሳቄ መጣ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከዚያ ወዲህ የምትጠራው ሂሳብ ሹሟ ብቻ ናት።

ሥራችን ለልብስ ሰፊዎች የሚሆን ፕሮግራም መሥራት ነው። ሰፊዋ የደንበኛዋን የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልክ ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ፓተርኑን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ፣ ስክሪኑ ላይ ይስልላታል። ከዚያ ይታተማል። ቀሚስ በአንድ ወረቀት ስለማይበቃው ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው፤ ወረቀቶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይለጠፉና ጨርቁ ላይ ይነጠፋሉ፣ መቀስ ይከተላል። የእኔ ድርሻ ስልክ ማንሳት ነው። ፕሮግራሙ ያናደደው ሁሉ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው፤ እኔም ሰው ነኝና አንዳንዴ መልሼ እጮኻለሁ።

ከሚደወልልኝ ግማሹ ስለ ማተሚያው መስኮት ነበር፤ "አትም" የሚለውን ሲጫኑ የሚከፈተውን ማለቴ ነው። ያ መስኮት ጉድ ነበር! ከላይ ምርጫ፣ ከታች ምርጫ፣ በጎን ደግሞ ሌላ ምርጫ። "የኅዳግ አያያዝ" ይላል። "የገጽ ምጣኔ" ይላል። "የውጤት ቅርጸት" ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ እኔም የማላውቀው ስለነበረ፣ ሲጨንቀኝ "እሱን አይንኩት" ብዬ እገላገል ነበር። ፕሮግራመራችን ግን ይኮራበታል። "የሌለ ነገር እኮ የለበትም!" ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ነገር ነበረበት። ዳኛው የተቀጠረውም ይህንኑ መስኮት እንዲያስተካክል ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬን ልጠይቃት ሄድኩ። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሱቋ የመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት ማሽኗ፣ መሃል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃና መስታወት አለ። ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ልጇ ነው ያመጣላት። መጀመሪያ "ይሄን ሣጥን ከፊቴ አንሱልኝ" ስትል ቆይታ ኋላ ወደደችው። ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ፓተርን መሳል ቀረልኝ እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር።

ስገባ ማሽኑ ተሸፍኗል። በጠራራ ፀሐይ! እትዬ ከጠረጴዛው አጠገብ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"ምነው እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም። በቃኝ።"

"ምኑ ነው የበቃሽ?"

"ስፌቱ። እጄ ከዳኝ ልጄ። የሰፋሁት ሁሉ ይጠባል። ለመምህሯ ቀሚስ ሰፋሁላት፣ ዚፑ አልዘጋ አለ። ወፍራ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለነርሷ ኮት ሰፋሁላት፣ ትከሻዋን ያዛት። መቼም ሰው ሁሉ በአንድ ላይ አይወፍርም። እኔ ነኝ ያረጀሁት።"

"ስትለኪ ተሳስተሽ ይሆናላ?"

"እሱንስ መች አጣሁት? ደጋግሜ ለካሁ። ያስገባሁትንም ልጄ አይቶልኛል፣ ልክ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ስገጣጥመው ፍንክች አይልም። እጅጌው ከብብቱ፣ ጎኑ ከጎኑ ልክክ ነው የሚለው። ሰው ሲለብሰው ይጠባል። ዓይኔም ይሆናል፣ እንጃ። ለማንኛውም ማሽኑን ያቺ የማዕዘኗ ሰፊ በሚመጣው ቅዳሜ መጥታ ትወስደዋለች። እሷ እንኳ ትሥራበት።"

ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ያለ ማሽኑ ምን ሆና ልትውል ነው? ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ባላግጥባት አልሆነም። ሻይ አፍልታ አጠጣችኝና ሸኘችኝ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ፊቴ እንዴት እንደነበረ እንጃ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ዳኛው ግን ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ አጠገቡ ፕሪንተር፣ ከፕሪንተሩ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተቀምጧል። ከአንድ ሳምንት በላይ ሥራው ይኸው ነበር፤ ሰው አስቀምጦ መጠየቅ። አዲስ መስኮት አንድም አልሳለም። ፕሮግራመራችን ሲያልፍ ሲያገድም "ዛሬስ ጀመርክ?" እያለ ይቀልድበት ነበር።

"እንደ ደንበኛ ሁኚልኝና ይሄን ጉርድ ቀሚስ አትሚ" አለኝ። "ግን ከመጫንሽ በፊት ምን እንደሚወጣ ንገሪኝ።"

"ምን ይወጣል? ጉርዱ ነዋ!"

"ስንት ያህል?"

"የራሱን ያህል! ሌላ የማንን ያህል ሊወጣ ነው?"

እሱ ጻፈ። "አሁን ተጫኚ።"

ተጫንኩ። ወረቀቶቹ ወጡ፤ አብረን ለጠፍናቸው። ሜትሩን ሰጠኝና "ወገቡን ለኪው" አለኝ። ለካሁት። እንደገና ለካሁት። ጉርዱ ተሰፍቶ ቢያልቅ ወገቡ ከገባው ልክ በሁለት ጣት ያህል ይጠባል።

"ፕሪንተርህ ተበላሽቷል" አልኩት።

"ፕሪንተሩ ደህና ነው። ይቺን እያት።" በጣቱ ያሳየኝ በምርጫው መዓት መካከል የተሸጎጠች አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች። "ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን" ትላለች፤ ማንም ሳይነካት ምልክት ተደርጎባታል። "ፓተርኑን ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ትንሽ ታሳንሰዋለች። በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይለይም።"

"ማነው ምልክት ያደረገባት?"

"እኔ ነኝ" አለ ፕሮግራመራችን ከኋላችን። ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። "ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ጠርዝ አያትምም። መስመሩ እየተቆረጠ ነው ብለው ደንበኞች አልጮሁም? አንቺ ራስሽ አይደለሽም የነገርሽኝ? ለዚያ ነው፣ ባለፈው የፕሮግራሙ እትም ላይ አስቀድሜ የመረጥኩላቸው። ደግሞ ተጽፏል፣ ማንበብ ነው።"

ዳኛው አልተከራከረውም። ወንበሩን ሳበለትና፣ "ቁጭ በል እስቲ፣ አንተም ከመጫንህ በፊት ምን እንደሚወጣ ንገረኝ" አለው፤ ሌላ ፋይል ከፈተለት። ፕሮግራመራችን ፈገግ አለ። የገዛ መስኮቱ ነው። ምርጫዎቹን ከላይ እስከ ታች ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየና፣ ያቺን ምልክት አንስቶ፣ "ልክ በልኩ ይወጣል" አለ። ታተመ። ተለካ። አሁንም ያንሳል። ለካ ታች ሌላ ገጽ ላይ ከእሷ ጋር የምትሠራ ሁለተኛ ምልክት አለች፤ ራሱ ያስቀመጣት፣ ራሱ የረሳት። ዳኛው አልሳቀም፣ ጻፈ ብቻ። እኔ ብሆን ኖሮ ለዓመት የሚበቃኝን ነበር የምስቅበት።

ግን እኔም አልሳቅኩም። የእትዬ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ሲገጣጠም ልክክ፣ ሰው ላይ ሲሆን ጠባብ። ሁሉም ቁራጭ በአንድ መጠን ካነሰ እርስ በርሱ መግጠሙ የት ይቀራል? የሚጠበው የሰው ገላ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። "እትዬ!" ብዬ ጮህኩ። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እየተንተባተብኩ ነገሩን ለሁለቱም አወራሁላቸውና ስልኩን አነሳሁ።

"እትዬ፣ እጅሽ አይደለም! የኛ ፕሮግራም ነው ወረቀቱን የሚያሳንሰው!"

"ተይ ልጄ።"

"እውነቴን ነው!"

"አታባብይኝ። ኮምፒውተር እንዴት ተሳስቶ? አንቺ ድሮም እኔ ሲከፋኝ የማትፈጥሪው ነገር የለም። እግዜር ይስጥልኝ፣ አንጀቴን አራስሽው። ማሽኑ ግን ይሄዳል።"

ስልኩ ተዘጋ። ማልቀስ ቃጣኝ። ዳኛው ግን፣ "ከዚህ በኋላ ምንም አትንገሪያት" አለኝ። "ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት መስኮቱን እንጨርሰዋለን። ከዚያ ራሷ ትለካዋለች።"

ያን ሳምንት ያየሁትን ሥራ በሕይወቴ አልረሳውም። እኔ ጥሩ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ያ ሰው ሥራ ያውቃል! ፕሮግራመራችን መጀመሪያ ያሰበው ማስጠንቀቂያ መጨመር ነበር። "'መጠኑ ተቀንሷል፣ እርግጠኛ ነዎት?' የሚል ሣጥን ብቅ ይበል፣ አለቀ" አለ።

"እንዲህ ያለ ሣጥን ብቅ ሲል ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?" ብሎ ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

"'እሺ' የሚለውን ይጫናሉ።"

"ምን ይል ነበር ብለሽ ስትጠይቂያቸውስ?"

"'ጠፋ' ይሉኛል።"

ፕሮግራመራችን ሳይወድ ሳቀ። ዳኛው ግን ቀጠለ። "አንዲት ሴት እዚህ በር ላይ ቆማ 'ይሄን አትሙልኝ' ብትለን ምን ብለን ነው የምንጠይቃት? ምጣኔሽ ስንት ነው እንላታለን?"

"አንላትም" አልኩ።

"ምን እንላታለን?"

"ለምን ፈለግሽው።"

"በቃ፣ መስኮቱም እሱን ይጠይቅ።"

እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት እስከዛሬ ለማናችንም አልታየንም? ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ ስልክ ሳነሳ ይሰማ ጀመር። ደዋዮቹ የሚሉትን በራሳቸው ቃል ይይዘዋል። "እውነተኛ መጠን" ብሎ ያወራ ደንበኛ አንድም አልነበረም። "ልቆርጥበት ነው" ይላሉ፤ "እስቲ ልየው ብዬ ነው" ይላሉ፤ "ትልቅ ፕሪንተር ያለበት ቤት ልልከው ነው" ይላሉ። መስኮቱ ላይ የቀሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ጨርቅ ልቆርጥበት፣ ላየው ብቻ፣ ለሌላ ሰው ልልከው። የቀረው የምርጫ መዓት "ሌላም አለ" ከምትል አንዲት ቁልፍ ጀርባ ገባ። ልቆርጥበት ያለ ሰው ወረቀቱ ልክ በልኩ ይወጣለታል፤ የሚያሳንስ ነገር ፊቱ አይቀርብም። ላየው ብቻ ያለ ደግሞ በአንድ ወረቀት አንሶ ይወጣለታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ከጥግ እስከ ጥግ "ለማየት ብቻ፣ አይቆረጥበትም" የሚል ይታተምበታል። በጎን በኩል ወረቀቶቹ ተለጥፈው ሲያልቁ ምን እንደሚመስሉ፣ ስንት ወረቀት እንደሚፈጁ፣ ከመጫንሽ በፊት በሥዕል ይታይሻል።

ፕሮግራመራችን ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር። እያንዳንዷ ምርጫ ከፊት ስትነሳ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝበታል። ሐሙስ ዕለት ግን ድንገት ከወንበሩ ተነሳና፣ "ፋይሉ ከኛ እጅ ከወጣ በኋላ እዚያ ያለው ፕሪንተር ቢያሳንሰውስ?" አለ። ዳኛው ዓይኑ በራ። ፕሮግራመራችን ራሱ መልሱን አመጣው። የመጀመሪያው ወረቀት ጥግ ላይ ካሬ ይሳላል፤ ጎኑ ስንት መሆን እንዳለበት ይጻፍበታል፤ ሰፊዋ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ካሬውን በሜትሯ ትለካዋለች። ካሬው ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው። ሲልኩትም ካሬው አብሮ ይሄዳል። "ይቺን እኔ አላስብም ነበር" አለው ዳኛው ጮክ ብሎ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ፕሮግራመራችን ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲከፈት ዓይቼ፣ አንዲት የማትገባኝ ቃል ፈልጌ አጣሁበት። ቀናሁባቸውም፣ ኮራሁባቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛውና እኔ እትዬ ቤት ሄድን። ማሽኑ እንደተሸፈነ ነው፤ ክሮቹና መርፌዎቹም በካርቶን ታሽገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ እንግዳ ሲመጣባት ደግሞ ቁጣም ሐዘንም ትረሳለች፤ ወንበሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችው።

"እማማ፣" አላት ዳኛው፣ "አንድ ነገር ሠርተን ነበር፣ ቢያዩልኝ። አላስቸግርዎትም። እዚህ ውስጥ ካለው አንዱን ያትሙልኝ።"

"ኧረ ምን ችግር አለው ልጄ። የመምህሯ ቀሚስ አለ። ጉዴ ያለበት።"

አዲሱን መስኮት ጭኜላት ነበር። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። "ወረቀቱ ለምን ይፈለጋል?" ይላል። እትዬ "እንዴ፣ ጠየቀኝ እኮ!" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"መልሽለታ!"

"ጨርቅ ልቆርጥበት" የሚለውን መረጠች። ዳኛው እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። "ከመጫንዎ በፊት፣ ምን እንደሚወጣ ይንገሩኝ።"

ሥዕሉን አየች። "የመምህሯ ቀሚስ። በዚህ ሁሉ ወረቀት። ያስገባሁት ልክ፣ ሳይበዛ ሳያንስ። ጥጉ ላይ ደግሞ ካሬ አለ፣ ለኪው ይለኛል።"

ተጫነች። ፕሪንተሩ እያጓራ ወረቀቶቹን አወጣ። እትዬ አንድ በአንድ ለጠፈቻቸው፤ ሜትሯን ከመሳቢያ አውጥታ ካሬውን ለካች። ልክ ሆነ። ከዚያ ማንም ሳያዛት ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር የድሮውን ፓተርን አወረደችና አዲሱ ላይ አነጠፈችው። አዲሱ በዙሪያው ሁሉ ተርፎ ታየ። በወገቡ በኩል፣ በብብቱ በኩል፣ በትከሻው በኩል፣ ሁሉም ቦታ ቀጭን ትርፍ ወረቀት። እትዬ ትርፉን በጣቷ ተከትላ ዙሪያውን ዞረችው።

ቀና ስትል ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ይሄ ሣጥን ነው እጄን ያሳማብኝ?"

"አዎ፣ እማማ" አለ ዳኛው። "እጅዎት አልተሳሳተም። እኛ ነን።"

"ስንት ቀን ነው የተቀመጥኩት እጄን እያየሁ! ሌሊት ተነስቼ መብራት አብርቼ፣ ይንቀጠቀጥ ይሆን እያልኩ! መምህሯ ራቷን ትታ ነበር እኮ፣ ወፈርኩ ብላ! እናንተ ምን አለባችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ሻይ መጠጣት! አንቺስ፣ እዚያ ቤት የምትሠሪው ለምንድነው ታዲያ?"

ዘነበችብን። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ እኔ ግን ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ ጥርሴን ነከስኩ። ያ ሁሉ ቁጣ ወዴት ሄዶ ነበር? ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሁለቱን እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው በለሆሳስ።

"ልጅዎት ነግራዎት አላመኗትም። እኔን ያምኑኝ ነበር?"

"አላምንህም ነበር።" በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ዳኛውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያይበት አስተያየት ነው። "ቁም እስቲ። ይሄን ኮት ማነው የሰፋልህ?"

"ተሰፍቶ የተዘጋጀ ነው። ሱቅ ነው የገዛሁት።"

"ያስታውቃል። ትከሻህ የት ሄዶ፣ ኮቱ የት ሄዶ! አውልቀውና ዙር።"

ዳኛው እንደ ትንሽ ልጅ ታዝዞ ኮቱን አወለቀና ዞረ። እትዬ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ካርቶኑን ከፍታ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች፣ ከትከሻው ጀመረች። ልኩን እየጠራች እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባለሁ። እጇ ትከሻው ላይ አርፎ አየሁት። ፍንክች አላለም።

የእጅጌው ላይ ስንደርስ በሩ ተንኳኳ። የማዕዘኗ ሰፊ ናት፤ ከኋላዋ ባለ ጋሪው ገመዱን ይዞ ቆሟል።

"እንደምን አደራችሁ? ማሽኑን ልወስድ ነበር" አለች ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ።

እትዬ አልዞረችም። ሜትሩን ከዳኛው ክንድ ላይ ወጠር እንዳደረገች፣ "ቆይ እስቲ አንቺ!" አለቻት። "ሰው እየለካሁ ነው፣ አይታይሽም?"